በሽታዬ ይገኝልኝ ብዬ የተሳልኩ ዕለት

ሰው ጤና ስጠኝ ብሎ ይሳላል። እኔ ግን በሽታ ይገኝብኝ ብዬ ተስያለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው። እሳቸውም «እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። አሁን ደግሞ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ልጽፈው ተቀምጫለሁ። ደረቷን ይዛ ቆማ፣ «ምን ይሉኛል» እያለች ሕመሟን የምትውጥ ሴት በየሰፈሩ እንዳለች አውቃለሁ። እሷ ታንብበው። ሌላው ቢስቅብኝ ይሳቅ፤ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሳቅ አይገድለኝም።

ትርፌ እባላለሁ፤ ሃምሳዎቹን ጀምሬያለሁ። ለገሃሬ ሰፈር ቤቴ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ግርማ የራሱን ባጃጅ ይነዳ ነበር። ልጃችን አግብታ ሐዋሳ ናት። ውፍረት የለብኝም፤ ሲጋራ አላውቅም፤ ጫትም ቢሆን ሰው ሲቅም አጠገቡ ተቀምጬ ከማውራት በቀር ቀንጥሼ አላውቅም። ደም ግፊት አለብሽ ተብዬ ኪኒን ጀምሬ ነበር፤ ሲሻለኝ ተውኩት። ይቺን «ሲሻለኝ ተውኩት» የምትል ነገር ልብ በሉልኝ። ስንቱን ቤት ባዶ ያስቀረች ናት።

መጀመሪያ የያዘኝ ደቻቱ ድልድይ ላይ ነው። ከከፊራ ገበያ የመጋረጃ ጨርቅ ተሸክሜ ስመለስ ደረቴ መሀል አንድ ነገር ተጫነኝ። ውጋት አይደለም። ሰው መዳፉን አሳርፎ ቀስ እያለ የሚገፋኝ ነው የመሰለኝ። ወደ ግራ መንጋጋዬ ወጣ፣ ክንዴም ዛለ። ቆምኩ። ድሬ መንገድ ላይ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ አይቻልም፤ የሚያልፈው ሁሉ ያውቅሻል፣ «ምነው ትርፌ?» ይልሻል። ስለዚህ ስልኬን አውጥቼ የማወራ መሰልኩ። «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» እላለሁ ለማንም። ጥቂት ስቆም ለቀቀኝ። ሙቀቱ ነው አልኩ። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ሙቀቱ ነው። ሊጥ ቢሆመጥጥ ሙቀቱ ነው፣ ባል ቢያኮርፍ ሙቀቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈጠን ብዬ በሄድኩ፣ ዕቃ ባነሳሁ፣ በልቼ በተነሳሁ ቁጥር ይመጣ ጀመር። ስቀመጥ ይተወኛል። ይህ ነው ጉድ ያደረገኝ፤ ሐኪም ቤት የሚኬደውና የሚጠበቀው ተቀምጦ ነውና፣ ተራዬ ሲደርስ ምንም የለብኝም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድ አለኝ። እዚህ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። መርፌውን ጨረስኩ፣ ደረቴ አልጨረሰም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ፤ በርበሬ ተውኩ፣ ተልባ ጠጣሁ፣ ኪኒኑን በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። ሦስተኛው ዘንድ ሽቦ ደረቴ ላይ ለጣጥፈው የልብ ምቴን በወረቀት አወጡት። ንጹሕ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያጠፈ «ጭንቀት ይመስላል። የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» አለኝ። ግርማ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር «ኧረ የለም» አልኩ።

ተኝቼ ያሉኝን እንደማደርግ፣ ስተኛ ደግሞ ልቤ እንደማይቸገር፣ ስለዚህ ወረቀቱ ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። «ልብዎ ንጹሕ ነው» የተባለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

አሁን ወደ ዋናው ሃፍረቴ ልምጣ።

የሰፈራችን የሴቶች እድር ተረኛ አለው። ለቅሶ ቤት ሲደርስ የወሩ ተረኞች ውሃ ይቀዳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ድስትና ትሪ ተሸክመው ከጓሮ ድንኳን ያመላልሳሉ። ተረኞቹን የምትመራው እትዬ ስንዱ ናት። ስሟን የመሰለች ሴት ናት፤ ስልሳ አልፏት ሁለት ሰው የሚያነሳውን ድስት ለብቻዋ ታነሳለች። አጠገቧ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አትወድም። በአንድ ለቅሶ ላይ ጀሪካኑን መንገድ ላይ አስቀምጬ ግድግዳ ተደገፍኩ። አየችኝ፣ ምንም አላለችም። በሁለተኛው ከጓሮ ኩርሲ ፈልጌ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው፣ ሴቱ ሁሉ ሽንኩርት ከቦ ባለበት፣ «ትርፌ፣ አንቺ ተረኛ ነሽ ወይስ እንግዳ?» አለችኝ።

ሴቶቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዓይናቸውን ወደ ሽንኩርቱ ነው የመለሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበበኛ ሆንኩ። የኛን ኑሮ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ላይገባው ይችላል። በሰው ሐዘን ያላጎነበሰች ሴት፣ የሷ ቀን ሲመጣ ማን ያጎነብስላታል? ሬሳዬ ተጋድሞ፣ ግርማ ለቀስተኛው ፊት ባዶ ትሪ ይዞ ሲቆም ይታየኝ ነበር። ማታ ማታ የሚያስፈራኝ ሞቱ አልነበረም፤ ያ ባዶ ትሪ ነበር።

ግርማም አልማረኝም። አንድ እሑድ እህቱ ቤት ተሰብስበን ሳለ «ምነው ትርፌ ከሳች?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ምን እባካችሁ፣ እሷ የሚያማት ድንኳን ስታይ ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ድሬ ቀልድ አይቀየሙም፤ የተቀየመ ሰው ይበልጥ ይሳቅበታል። ቤት ስንገባ ግን ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ መሰለው።

እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም «ያንቺ እልህ አንድ ቀን ይጥልሻል» ትለኝ ነበር። በሚቀጥለው ለቅሶ ተረኛም ሳልሆን ሄድኩና ትልቁን ድስት «እኔ ነኝ የምወስደው!» አልኩ። እትዬ ስንዱ ቅንድቧን አነሳች። ከጓሮው እስከ ድንኳኑ መንገዱ ቅርብ ነው። መሀሉ ላይ ያ መዳፍ መጣ፤ ያን ቀን ግን መዳፍ ብቻ አልነበረም፣ ጉልበቱን ደረቴ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ድስቱን አልጣልኩትም፤ ቀስ ብዬ መሬት አስቀምጬ አጠገቡ ዘጭ አልኩ። ከኋላዬ አንዲቱ «ይኸው ደግሞ ጀመራት» ስትል ሰማሁ።

መይሙና ባትኖር ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ጎረቤቴ ናት፤ በአባቷ ሶማሌ በእናቷ ኦሮሞ ስለሆነች ስትደነግጥ ቋንቋው ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣባታል። ለቅሶ ልትደርስ ገና መግባቷ ነበር። «ናያ! ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?» ብላ ተንበርክካ ፊቴን በሻሿ ጠረገችው። «ምንም፣ ሙቀቱ ነው» አልኳት።

«አቦ ተይኛ! ሙቀት ቢሆን እኔም ድሬ ነው ያለሁት። እጅሽ በረዶ ሆኗል እኮ፣ ወላሂ!»

«መይሙና፣ ሴቶቹ እያዩ ነው። ተይኝ።»

«ይዩዋ! ዓይን ያላቸው ለማየት ነው» አለችና ግርማን በስልክ ጠርታ ባጃጁ ውስጥ እንደ ከረጢት ከተተችኝ።

በዚያ ቀን ያገኘሁት ሐኪም ወጣት ነው፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እናቱን ይባርክለት። የልብ ምቴን በወረቀት አወጣ፣ አሁንም ንጹሕ ነው። እኔ ጫማዬን ልለብስ ጎንበስ ስል «ይቆዩ፤ የሚያምዎት ሲሄዱ ነው ወይስ ሲቀመጡ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስሄድ ነው፤ ስቆም ይለቀኛል አልኩት። የት የት እንደሚሰማኝ አሳየሁት፤ መንጋጋዬን ስነካ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም በቀላል አማርኛ ነገረኝ። ልብ ራሷ ደም የምታገኝባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሏት። በነሱ ግድግዳ ውስጥ ቅባትና ሌላም ነገር እየተጠራቀመ ያጠባቸዋል። ሰው ሲያርፍ ያለው ደም ይበቃዋል፣ ሲንቀሳቀስ ግን ያንሰዋል። ይህን ከነቦታው የሚያሳይ ሲቲ ስካን አለ፤ ልብን በቁራጭ በቁራጭ ፎቶ እያነሳ ቧንቧዎቹን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ አዲስ አበባ ሂዱ አለን።

ግርማ ባጃጁን ሸጠ። በስንት እንደሸጠው አላወራም፤ እንጀራችን እሱ እንደነበር ብቻ እወቁልኝ። ሲሸጠው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ገዢው ባጃጁን አስነስቶ ሲሄድ ግን በር ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋ ሲያዳምጥ አየሁት። እኔ መጋረጃው ውስጥ ተሸሸግሁ።

እንግዲህ ሆዴ ውስጥ የገባው ፍርሃት ይህን ይመስላል። ታምሜ ከሆነ እሞት ይሆናል። ጤነኛ ከሆንኩ ደግሞ ባጃጁን ያሸጥኩ፣ ድስት የጠላሁ፣ ሰፈር ያስቸገርኩ ቀጣፊ ነኝ። አውቶቡሱ አዋሽን ሲሻገር ራሴን «የቱ ይሻልሻል?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ቶሎ በመምጣቱም አፈርኩ።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ቀዝቃዛ ነበር። እኛ የቆላ ሰዎች አዲስ አበባ ስንገባ እንደተነቀለ ችግኝ ነው የምንሆነው። አጠገቤ የተቀመጡ የደብረ ብርሃን እናት መንቀጥቀጤን አይተው የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ጠዋቱን ሙሉ ከአንድ ጋቢ ሥር ዋልን። ነርሷ መጥታ የልብ ምቴን ትለካለች፤ ፎቶው እንዳይደበዝዝ ልብ ቀስ ብላ መምታት አለባት፣ የኔዋ ግን ትጋልባለች። ማርገቢያ ኪኒን ሰጠችኝ። ተመልሳ ለካችኝ። «እናቴ፣ ምን እያሰቡ ነው? ረጋ ይበሉ እንጂ» አለችኝ።

የማስበውን ብነግራት ትጮህ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ ወደ ቁልቢ ነበር የሄድኩት። የኛ አገር ሰው ሲጨንቀው ወዴት ይሄዳል? «ቁልቢ ገብርኤል፣ የልቤን ታውቃለህ። በሽታዬ ይገኝልኝ። ማሽኑ ያውጣው፣ ሰው ሁሉ ይየው። ይህን ካደረግህልኝ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» አልኩ። ጋቢያቸውን ያካፈሉኝ እናት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው «አይዞሽ ልጄ፣ ይሰማሻል» አሉኝ። እኒያ ደግ ሴት ጤና እየለመንኩ መስሏቸው አብረውኝ አማተቡ። ያ ማማተብ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ምርመራው ራሱ አያምም፤ ያሳፍራል እንጂ። ከወገቤ በላይ አወለቅሁ፣ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፈ። ከምላሴ ሥር ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት አደረጉልኝ፤ ራሴን ወቀረኝ። ተንጋልዬ በትልቅ ቀለበት መሀል ገባሁ። «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» ይላል ድምፁ፣ እይዛለሁ። ከዚያ በክንዴ ቧንቧዎቹን የሚያጎላውን ቀለም ለቀቁብኝ። ሙቀቱ ከጉሮሮዬ ጀምሮ ወረደ፣ ወረደና ጭኔ መሀል ደረሰ። ወይኔ ጉዴ! አመለጠኝ! በሃምሳ ዓመቴ፣ በሰው ማሽን ላይ! እንባዬ መጣ። ሲያወጡኝ ልጁን «የኔ ልጅ፣ ጨርቅ ካለህ ስጠኝ፣ እኔው እጠርገዋለሁ» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው «እማዬ፣ ምንም አላመለጠዎትም። መድኃኒቱ ነው፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል» አለኝ። በእጄ ዳሰስኩ። ደረቅ ነበርኩ። እናንተ ስትሄዱ እንዳትደነግጡ ነው ይህን የምነግራችሁ።

በማግሥቱ ውጤቱን የነገረችን ሐኪም ጠና ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ግርማ ከጎኔ ተቀምጧል። ልቤን ስክሪኑ ላይ አወጣችውና በብዕሯ ጫፍ እያሳየች «መጀመሪያ ካልሲየም እንፈልጋለን። ቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ኖራ የደነደነ ነገር ማለት ነው» አለች። ገባኝ። የድሬ ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ምን እንደሚጋገርበት የምናውቅ ሰዎች ነን። «እርስዎ ዘንድ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል።»

ግርማ «ተመስገን!» ብሎ ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀ።

እኔ ግን ከወንበሩ ሥር መሬት ተከፍቶ የገባሁ መሰለኝ። ባጃጁ ታየኝ። እትዬ ስንዱ ታየችኝ። «ተረኛ ነሽ ወይስ እንግዳ?» ባሌ ጤነኛ ናት ተብሎ ሲደሰት እኔ ለደስታው ጠላሁት። ገብርኤልንም ተቀየምኩት፣ ይቅር ይበለኝ።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም ነበር። «አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ንጹሕ ነኝ ብሎ ይሄዳል። በቀለሙ የተነሳውን ደግሞ እንየው» ብላ ሌላ ምስል አመጣች። አንዱ ቧንቧ፣ በልብ ፊት ለፊት የሚወርደው ትልቁ፣ መሀሉ ላይ ክር እንዳሰሩበት ጠቦ ይታያል። «ይህ ያልደነደነው ነው። ለስላሳ ቅባት ነው፣ ካልሲየም ስለሌለው በመጀመሪያው ምስል አይታይም። ከግማሽ በላይ ዘግቶታል። ሲሄዱ የሚያምዎት በዚህ ነው። ለስላሳው ደግሞ ድንገት ሊፈነዳ ስለሚችል ያስፈራል። የሚሰማዎት ሕመም እውነት ነው።»

እውነት ነው አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ እጄን አጨበጨብኩ።

ሐኪሟ ያልገባኝ መስሏት እንደገና ልታስረዳኝ አፏን ከፈተች፤ ግርማን ስታይ ዘጋችው። ግርማ ወደኔ ዞሮ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። እጆቼን ከአየር ላይ የት እንደማስቀምጣቸው ጠፋኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ኮሪደር ላይ ቆምን። «ምንድን ነው ያመሰገንሽበት?» አለኝ። «ትርፌ፣ ልብሽ ተዘግቷል ነው እኮ ያለችሽ።»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ?»

«አልዋሸሁም» አልኩት። «ድንኳን ስላየሁ አልነበረም።»

ሲሰማኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ያቺን ቀልድ ረስቷት ነበር፤ ቀልድ የሚረሳው ተናጋሪው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንድ ሰው የሞተብን መስሎት «አይዞአችሁ» እያለን ያልፍ ነበር። እኔም የወንድ ልጅ እንባ በሰው ፊት እንዳይታይ ፊቱ ቆሜ ከለልኩት። ተፋፈርን እንጂ ይቅርታ እንኳ በአፍ አልተባባልንም።

ሕክምናውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። በእጅ አንጓዬ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ጠባቡን ቦታ አስፍተው፣ ተመልሶ እንዳይጠብ ትንሽ የብረት ወንፊት ትተውበት ወጡ። ነቅቼ ነበር፤ ሐኪሞቹ ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ እየሰማሁ ነው የተሠራልኝ። ደም የሚያቀጥንና ቅባት የሚቀንስ ኪኒን ጀመርኩ፤ የደም ግፊቱንም ዛሬ አላቋርጠውም። አሁን ፀሐይ ሳትበረታ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር በእግሬ እሄዳለሁ፣ መይሙና «አቦ ቀስ፣ ማን አባረረሽ?» እያለች ከኋላዬ ትጎተታለች። ግርማ የሰው ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን የራሳችንን እንገዛ ይሆናል።

ስትሄዱ የሚይዛችሁ፣ ስትቆሙ የሚለቃችሁ የደረት ሕመም ካለ፣ ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ንገሩት፤ ካልጠየቃችሁም ንገሩት። ቆማችሁም ካልለቀቃችሁ ወዲያው ሂዱ። ሲቲው ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ጨረር አለው፣ ቀለሙም ኩላሊት ለሚያመው አይስማማም ብለውኛል። ማን እንደሚያስፈልገው ሐኪም ይወስን። የኔ ምክር እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚቀረው ኃጢአቴ ነው።

ከአዲስ አበባ ስመለስ የእድሩ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። የልቤን ፎቶ ፊልም ቴሌቪዥኑ ላይ፣ መብራት በሚመታው በኩል አቁሜው ነበር። ሆን ብዬ ነው። የገባው ሁሉ «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል፣ እኔ ደግሞ ጣቴን ጠባቡ ቦታ ላይ አድርጌ አስረዳለሁ። እትዬ ስንዱ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እግዜር ይማርሽ» ብላ ቀድማ ወጣች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም በልቤ «ተቃጠይ!» አልኳት። ከሄደች በኋላ ግርማ ተነስቶ ፊልሙን አወረደና ከአልጋው ሥር አስገባው። «በቃሽ» ነው ያለኝ።

የሚቀጥለውን የምጽፈው እትዬ ስንዱ ፈቅዳልኝ ነው።

ለሐምሌው ንግሥ እድሩ ሚኒባስ ተከራይቶ ቁልቢ ሄድን። የተሳልኩትን ጥላ ይዣለሁ። ሴቶቹ ስለዳንኩ የማስገባው መስሏቸው እልል አሉልኝ፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከመኪና ወርደን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ ስንወጣ እኔ እንደታዘዝኩት በዝግታ ነበር የምሄደው። ዘወር ስል ግን እትዬ ስንዱ ከኔ ኋላ ቀርታለች። ሁሌ ፊት የምትሄደው ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። ቁልቢ ብርድ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ያካፋል። እሷ ግንባሯ ላይ ላብ ቸፍ ብሏል።

ተመልሼ ወረድኩ። «ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ምንም። ጫማዬ ነው።»

ደረቷ መሀል እጄን አሳረፍኩ። «እዚህ ነው?» ፊቷን አዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቆየ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር?» አለችኝ። «አንቺን እንዲያ ብዬ የተናገርኩ ሰው፣ በምን አፌ?»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አጭር ናት፣ ግን ደስታ ናት። አገኘሁሽ አልኩ። ከዚያ ዝቅ ብዬ ሳያት ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል። ያቺ ሁሉን የምታዝ ሴት እንደ ልጅ ቀና ብላ ታየኛለች። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፣ በሰው ፊት ነው። በራሴ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ተነሽ፣ እንውረድ» አልኳት። «ሾፌሩ ሐኪም ቤት ያድርሰን።»

«ስለትሽስ?»

«ገብርኤል አይቸኩልም። ተደገፊኝ።»

ክብደቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ ጥላውን ምርኩዝ አደረግነው። ጥቂት እንደወረድን ከላይ አንዲት የእድራችን ሴት ዞራ አየችን። «እትዬ ስንዱ! ወዴት ነው የምትመለሱት? ቅዳሴው ሊወጣ ነው እኮ!» ብላ ተጣራች። ሌሎቹም ቆሙ። ሁሉም ወደ ታች ያያሉ።

እትዬ ስንዱ ክንዴን ጨመቀችኝ። «በእናትሽ ትርፌ፣ ጫማዋ ተበጥሶባት ነው በያቸው።»

ቀና ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እትዬ ስንዱን አሟታል!» አልኩ።